ግልጽ ደብዳቤ፦ የአንዲት የሸሚዝ ቁልፍ ነገር

ይድረስ ለጎንደር ከተማ ነዋሪዎች፤ የደንብ ልብስ ለለበሳችሁም፣ ላልለበስንም፣ ክስ ለምትጽፉ ዐቃብያነ ሕግም

ጤና ይስጥልኝ።

አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ አለች። ትንሽ ናት፤ አራት ቀዳዳ አላት። ቅዳሜ ገበያ መሃል ከአንድ ፖሊስ ደረት ተበጥሳ ወደቀች። ተለቅማ ፖስታ ውስጥ ገባች። ቁጥር ተጻፈላትና ኤግዚቢት ሆነች። የእህቴ ልጅ ደግሞ ተከሳሽ ሆነ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ያቺ ቁልፍ ናት።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰው ማመልከቻ ያስጽፈኛል፤ የክስ መልስ ያስተይበኛል፤ የይግባኝ መዝገብ ኮፒ ያስደርገኛል። ሥራውን ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ጣቶቼ ግን ከብዙ ዳኛና ከብዙ ጠበቃ ቃል ጋር ውለው አድረዋል። ስለዚህ የምናገረው ከሊቅነት ሳይሆን ከመተየብ ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። የጣቢያውንም የሰውንም ስም አልጠራም። ነገሬ ከአንድ ጣቢያ ጋር አይደለም።

ልጁ ባጃጅ ነጂ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ሰዓት ገደማ፣ ሰው አድርሶ ሲመለስ አንዲት እናት ሲያለቅሱ አየ። መሬት ላይ ሽንኩርትና ድንች ዘርግተው የሚሸጡ ናቸው። ደንብ አስከባሪዎች ዕቃቸውን ሰብስበው ሊጭኑ ነው። አጠገባቸው አንድ ፖሊስ ቆሟል። ልጁ ባጃጁን አቁሞ ወረደ። «በሕግ አምላክ! ወዴት ነው የምትወስዱባቸው? ለምንድነው?» አለ። መልስ የሰጠው የለም። ደግሞ ጠየቀ፤ ድምፁንም ከፍ አደረገ። ፖሊሱ «ዞር በል» አለው። አልዞረም። ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። እሱ ደግሞ እጁን ሰደደና የፖሊሱን ሸሚዝ ጨበጠ። ቁልፏ ያኔ ተበጠሰች።

አንድ ልጅ በስልኩ ቀርጾት ነበር። ቪዲዮውን አንድ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። እውነቱን ልናገር፦ የእህቴ ልጅ ጎትቷል። አልጎተተም ብዬ አልዋሽም። እናቱም ብትሆን አይታ «ምነው ልጄ!» ብላለች። ግን ቪዲዮው ላይ ሌላም ነገር አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «ለምን?» ለሚለው ጥያቄ አንድም ሰው መልስ አልሰጠም። «ዞር በል» መልስ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የተለመደው ነው። ጣቢያ ገባ። ክሱ የመንግሥት ሠራተኛን በሥራው ላይ እያለ በኃይል ማደናቀፍ ሆነ። ፍርድ ቤት የቀረበው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ነው። እስኪ ቁጠሩት። ከቅዳሜ አራት ሰዓት እስከ ሰኞ ስምንት ሰዓት ሃምሳ ሁለት ሰዓት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከዚያ ላይ የሚቀነሰው ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ከጣቢያው እስከ ፍርድ ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም የሚል ቃል ደግሞ እዚያ ላይ የለም፤ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተይቤዋለሁ።

አራት ሰዓት ምን አላት ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ቁልፍስ ምን አላት?

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በሁለቱም በኩል።

ዛሬ የምንዳኝበት የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም ወጥቶ ከግንቦት 1997 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው ነው። ከሱ በፊት የ1949ኙ ነበር፤ ዣን ግራቨን የሚባል የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ ያረቀቀው። ከዚያም በፊት የ1923ቱ ነበር። ከሁሉም በፊት ደግሞ ይህች ከተማ ራሷ ፍትሐ ነገሥት ሲገለጥባት የኖረች ናት። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም። የመንግሥትን ሰው በሥራው ላይ እያለ መምታት ወንጀል ያልነበረበት ዘመን የለም ለማለት ነው። ነገም ወንጀል ነው። «ሕዝቡ ተቆጥቶ ነው» የሚለው ቃል እዚያ ላይ አያድንም።

ሕጉ የሚይዘው ፖሊስን ብቻ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛ ብሎ ነው የሚጠራው። ደንብ አስከባሪው፣ ግብር ሰብሳቢው፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የመጣው ሁሉ ውስጡ ነው። «እሱ እኮ ፖሊስ አይደለም፣ ደንብ ነው» ብሎ ደንብ አስከባሪ በጥፊ የመታ ልጅ የክስ መልስ ተይቤ አውቃለሁ። ልዩነቱ ምንም አልጠቀመውም።

ሰው የሚስተው ሌላ ነጥብ አለ። ወንጀሉ የሚቆመው በኃይልና በዛቻ ላይ ነው። ሠራተኛው ሥራውን እንዳይሠራ በጉልበት መከልከል፣ በማስፈራራት ማስቆም፣ እጅ መሰንዘር ነው ነገሩ። ሥራው ደግሞ የሱ ሥራ መሆን አለበት፤ ሕግ የሰጠው ሥራ። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ኃይል አይደለም። ጮክ ብሎ መጠየቅም ኃይል አይደለም። ደስ አይልም፣ ጆሮ ያደነቁራል፣ ገበያ መሃል ሰው ይሰበስባል። ግን ጉሮሮ እጅ አይደለም። ስድብ ከሆነ ስድብ የራሱ ቦታ አለው። ዛቻ ከሆነም ዛቻ ተብሎ ይጻፍ፤ ቃሉ ምን እንደነበር ተጠቅሶ። የጠየቀውን፣ የሰደበውን፣ የዛተውንና የመታውን አንድ ላይ ጠቅልሎ «አደናቀፈ» ማለት ግን ድንችና ሽንኩርት አንድ ጆንያ ውስጥ ከትቶ በአንድ ዋጋ እንደመመዘን ነው።

ቅጣቱን ላላወቃችሁ ጎረምሶች ልናገር። ቀላል እስራት የሚባለው ስሙ ነው ቀላል። ከአሥር ቀን ይጀምርና በመደበኛው እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ለምን እንደዚያ እንዳሉት አይገባኝም፤ ሦስት ዓመት የታሰረ ልጅ እናት ዘንድ ሄዶ «ቀላል ነው» የሚል ካለ ይሞክር። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ከባድ የአካል ጉዳት በአንቀጽ 555 እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ድንጋይ ወርውሮ ዓይን ያጠፋ ልጅ «ሸሚዙን ብቻ ነው የያዝኩት» ካለው ጋር አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። በዚያ ላይ አንቀጽ 84 አለ። ተጎጂው በሥራው ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ወይም ድርጊቱ ከሌሎች ጋር ሆኖ የተፈጸመ ከሆነ ቅጣት ያከብዳል። «እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ሁላችንም ነን» ማለት ነገር አያቀልም፤ እንዲያውም ያባብሳል።

«ሕገወጥ ከሆነብኝስ? ያለ ምክንያት ቢመታኝስ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ሕጋዊ መከላከል የሚባል ነገር አለ፤ አንቀጽ 78። ግን እሱን እንደ ጋሻ ይዛችሁ ገበያ አትውጡ። ጥቃቱ ሕገወጥ መሆን አለበት፤ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት፤ መከላከያውም የተመጣጠነ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ የሚመዝነው ዳኛ ነው። የሚመዝነውም ከወራት በኋላ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ነው። እናንተ ደግሞ የምትወስኑት በአንድ ትንፋሽ ውስጥ፣ ደም ፈልቶ ነው። ሚዛኑ እንዴት እንደሚወጣ ገምቱ። ሕጉን አላውቅም ነበር ማለትም ከተጠያቂነት አያስመልጥም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ አፍህን ክፈት፣ እጅህን ሰብስብ። የፖሊሱን መልክና ሰዓቱን ያዝ። ከዚያ ክሰስ። ያለ አግባብ ማሰር በወንጀል ሕጉ ላይ ራሱ ወንጀል ነው፤ አንቀጽ 423። የተያዘን ሰው መደብደብና ማሰቃየትም እንዲሁ፤ አንቀጽ 424። በሁለቱም የሚከሰሰው የመንግሥት ሠራተኛው ነው።

አውቃለሁ፣ እዚህ ጋ አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ። «ማን ሰምቶሽ ነው?» ትላላችሁ። እዚያው ላይ ልመጣ ነው።

«በሕግ አምላክ» የሚለውን ቃል አስቡት። ድሮ ይህን ቃል የሰማ ሰው ይቆም ነበር። ሯጭ ሩጫውን ይገታል፤ ተደባዳቢ እጁን ያወርዳል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ጎን ለጎን ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። የሚጠብቃቸው ፖሊስ የለም። የሚጠብቃቸው ቃሉ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ቃሉ የሚሠራው ለሁሉም ነበር። ደካማውም ጉልበተኛውን ያስቆምበታል። የእህቴ ልጅ ገበያ መሃል ያንን ቃል ጠራ። ማንም አልቆመም። እሱም ራሱ አልቆመም፤ እጁን ሰደደ። ቃሉን ጠርቶ እጅ መስደድ ቃሉን ማርከስ ነው፤ ይህን ለሱም ነግሬዋለሁ። ግን መጀመሪያ ያረከሰው ማን ነው?

የዛሬው ሕግ ለዚህ ቃል ምትክ አዘጋጅቶለታል። ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያውኑ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። የማስረጃ ቃል ያለመስጠት፣ ዝም የማለት መብት እንዳለውም ይነገረው ይላል። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ስለ አያያዝ ሲናገር፣ የሚያዘው ሰው በኃይል ከተቃወመ ወይም ሊያመልጥ ከሞከረ ፖሊሱ እንደ ሁኔታው የተመጣጠነ ኃይል መጠቀም ይችላል ይላል፤ አንቀጽ 56 ላይ። ቅደም ተከተሉን እዩት። ኃይል የሚመጣው ተቃውሞ ሲኖር ነው። በቃል እሺ ያለን ሰው መጎተት አያስፈልግም።

ወደ ጽሕፈት ቤቴ ልመልሳችሁ።

የሚተይብ ሰው አንድ መጥፎ ልማድ አለው። ዓረፍተ ነገር ያስታውሳል። የሰው ስም ይጠፋኛል፤ አንዴ የተየብኩት አረፍተ ነገር ግን አይጠፋኝም። የእህቴን ልጅ የክስ መልስ ለማዘጋጀት የፖሊሱን ቃል ኮፒ ሳነብ ጣቶቼ ቀድመውኝ ሄዱ። «መደበኛ ሥራዬን በማከናወን ላይ እያለሁ ተጠርጣሪው ሥራዬን እንዳልሠራ በማደናቀፍ፣ የደንብ ልብሴን አንቆ በመያዝና በመጎተት…» ይላል። ይህን አውቀዋለሁ! ከዚያ በፊት በሌላ ሰው መዝገብ ላይ አይቼዋለሁ፤ ከዚያም በፊት በሌላ። ያኛው ጠብ መጠጥ ቤት በር ላይ ነበር። ሌላኛው ታክሲ ተራ። ሰዎቹ ሌላ፣ ቀኑ ሌላ፣ ፖሊሶቹ ሌሎች። ዓረፍተ ነገሩ ግን ያው ነው። ኮማው እንኳ አልተነቃነቀም።

ይህን ስል ፖሊሱ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። ሸሚዙ ተይዟል፤ ቁልፉም ተበጥሷል። ግን ዓረፍተ ነገሩ ያንን ቀን አላየም። «መደበኛ ሥራዬ» ምን ነበር? የማን ትእዛዝ? ልጁ ምን ጠየቀ? ምን ተመለሰለት? መጀመሪያ ማን ማንን ነካ? መዝገቡ ላይ የለም። ቪዲዮው ባይኖር ኖሮ ዳኛው ስለ «ለምን?» አንድም ነገር ሳይሰሙ ይፈርዱ ነበር።

ይህ ወንጀል ከሌላው የሚለይበት ጠባይ አለው። ዶሮ ሲሰረቅ ተበዳዩ ባለ ዶሮው ነው፤ መርማሪው ደግሞ ፖሊስ። ሁለት ሰው። እዚህ ጋ ግን ተበዳዩ ፖሊስ ነው፤ ምስክሩ አብሮት የወጣው ፖሊስ ነው፤ ቃል የሚቀበለው እዚያው ክፍል ወንበር የሚጋራው ባልደረባው ነው። የኤግዚቢቱን ፖስታ የሚያሽገው እነሱው ናቸው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እኔም እኮ የእህቴን ልጅ ጉዳይ ቃል ተቀበዪ ብትሉኝ ዝንባሌዬ ወዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ለጓደኛህ አዝነህ ስትጽፍ እጅህ ሳታውቀው ያጋድላል።

ሌላም ነገር አለ። ፖሊሱ በጥያቄ ሲናደድ፣ መጀመሪያ ለመያዝ የሚያበቃ ምክንያት ባይኖረው፣ ማደናቀፍ ራሱ ምክንያት ይሆንለታል። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ፖሊስ ሥራውን ሲያከናውን የሚያደናቅፈውን ሰው ያለ ማዘዣ መያዝ ይችላል ይላል። ተገቢ ነው። ግን እንደ ፈጥኖ ደራሽ ተደርጎ ሲወሰድ አስቡት። «ለምን ያዝከው?» «አደናቀፈኝ።» «ምን ሲያደርግ?» «ለምን ትይዘኛለህ ሲል።» ነገሩ ጅራቱን እንደሚያሳድድ ውሻ ይሽከረከራል።

ጎረቤቴ ፖሊስ ነው። ጥሩ ሰው ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡና እኔ ጋ ይጠጣል። ይህን ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት ነገሩን አጫወትኩት። ሲኒውን አስቀምጦ ዝም አለ። ከዚያ «እትዬ፣ አንቺ ቁጭ ብለሽ ነው የምትጽፊው» አለኝ። «እኔ ገበያ መሃል ነው የምቆመው። ዙሪያዬን ሃምሳ ሰው ይቆማል። ከሃምሳው ማን ኪሱ ውስጥ ምን እንደያዘ አላውቅም። እዚያ ቆሜ ሕገ መንግሥት ላስተምር?»

እውነቱን ነው። ያለፉት ዓመታት ለዚህ ከተማ ቀላል አልነበሩም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተራዝሞም አሥር ወር ቆየ። ማታ በጊዜ ቤት መግባት ለምደናል። የጥይት ድምፅ ከርችት መለየት ለምደናል። ፖሊሱም እንደኛው ሚስትና ልጅ አለው፤ እንደኛው ይፈራል። የደንብ ልብስ ለብሶ ወደ ቤቱ በእግሩ መሄድ የሚከብደው ጊዜ ነበር። በደመወዙም የሚቀና ሰው አላውቅም። ተመትቶ፣ ተሰድቦ፣ ልብሱ ተቀዶ ወደ ቤቱ የገባ ፖሊስ ሚስት ምን እንደምትል ማሰብ አለብን። ለዚህ ነው የእህቴን ልጅ «ጀግና» ያሉትን የሰፈር ልጆች ከቤቴ ያስወጣኋቸው። ጀግንነት አይደለም። አንድ ሰው ሥራው ላይ እያለ አንገቱ አልተያዘም እንጂ ሸሚዙ ተይዟል።

ግን ለጎረቤቴ እንዲህ አልኩት፦ «ሕገ መንግሥት አስተምር አላልኩህም። ሁለት መስመር ነው። "እናቴ፣ እዚህ ቦታ መሸጥ ተከልክሏል፤ ዕቃሽ እዚህ ቢሮ ይገኛል።" ይኸው ነው። ይህን ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?» ሳቀ። «ስንቱን ቀን ብለነዋል፣ ማን ሰማን» አለ። «እሺ፣ ስትሉት ያልሰማው ሰው ይቀጣ» አልኩት። «ስትሉት ግን መዝገቡ ላይ ጻፉት። ላንተም መከላከያ ይሆንሃል።»

እዚህ ላይ ቡናው ሁለተኛ ደረሰና ወሬው ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት ዞረ።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በየዓመቱ እናየዋለን። ጥር 11 ቀን ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ስንት ሺህ ሰው እንደሚተም ለጎንደር ሰው አልነግርም። ጸበል ሊረጭ ሲል ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይገፋል። ያን ቀን ፖሊሱና የሰፈሩ ወጣት እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆማሉ። «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ወደኋላ፤ እናቶች አሉ» ይላል ፖሊሱ። ሰውም ወደኋላ ይላል። አንድ ዓመት እኔ ራሴ ተገፍቼ የአንዱን ፖሊስ ደረት በክርኔ ደቁሼዋለሁ። «አይዞሽ እናቴ» ነው ያለኝ። ማደናቀፍ ብሎ ቢይዘኝ ማስረጃ ነበረው እኮ! ያው ፖሊስ ነው። ያው ሕዝብ ነው። ታዲያ በጥር ያገኘነው ቋንቋ ለቅዳሜ ገበያ ለምን ያልቅብናል?

የእህቴ ልጅ ፍርዱን አግኝቷል። ዳኛው ቪዲዮውን አዩ። ልጁም «ሸሚዙን ይዣለሁ፣ ጥፋቴ ነው» አለ። ቀላል እስራት ፈረዱበትና በገደብ ለቀቁት። ይግባኝ አልጠየቅንም። እጁ ያደረገውን እጁ ተቀጣበት። እኔ በፍርዱ ቅሬታ የለኝም። የሽንኩርቷ ባለቤት ግን የትም የሉም። የሽንኩርቱ መዝገብም የለም። ዕቃው የት እንደደረሰ የሚናገር ወረቀት ፈልጌ አጣሁ። አባቶች «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይሉ የለ? ልጁ በፍርድ ሄደ። ሽንኩርቱ ያለ ፍርድ ሄደ። ቁልፏ እንኳ ቁጥር አላት።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ፖሊስ ተበዳይ በሆነበት መዝገብ ላይ ቃል የሚቀበለው ከዚያ ፈረቃ ውጭ ያለ ሰው ይሁን። ከተቻለ ከሌላ ጣቢያ፤ ካልተቻለ ቢያንስ አብሮት ያልወጣ። ፖሊሱ ቃሉን ሲሰጥ ሁለት ነገር በራሱ አነጋገር ይናገር፦ በዚያ ሰዓት የትኛውን ሥራ በማን ትእዛዝ እየሠራ እንደነበርና ለሰውየው ምን ብሎ እንደነገረው። የተለጠፈ ዓረፍተ ነገር አይበቃም። ምንም ካልነገረው «ምንም አልነገርኩትም» ተብሎ ይጻፍ። ይህ ብቻውን ተከሳሹን ነጻ አያወጣም፤ ዳኛው ግን ይወቁት።

ዐቃብያነ ሕግ፣ እናንተን ደግሞ አደራ የምላችሁ አለኝ። ምርመራው አልተሟላም ብላችሁ መዝገብ መልሳችሁ ማዘዝ ትችላላችሁ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሥልጣን ሰጥቷችኋል። ያቺ መስመር ባዶ ሆና ስትመጣ መልሷት። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትመልሱ አራተኛው መዝገብ ሞልቶ ይመጣል። ሰው እንደዚያ ነው፤ እኔም ደንበኛ ሁለቴ የመለሰብኝን ስህተት ሦስተኛ አልደግምም። እንዲህ ዓይነቱ ቀላል ነገር ሲሆን፣ ጽኑ እስራት የማያስከትል ሲሆን፣ ጣቢያው ራሱ በዋስ ሊለቅ የሚችልበት መንገድ አለ። ባጃጅ ነጂ ልጅ በአንድ ቁልፍ ምክንያት ቅዳሜና እሑድን ጣቢያ ማደር የለበትም፤ ዋስ ሊሆነው እናቱ በር ላይ ቆማ እያለች።

የከተማችን ወጣቶች ሆይ፣ እናንተንም አልተውኩም። ቪዲዮ ስትቀርጹ ከመሃል አትግቡ፤ ራቅ በሉ። ሰው ሲያዝ ከበባችሁ «ልቀቀው!» እያላችሁ አትግፉ። ከኋላ የሚገፋው አይታይም፤ የሚከሰሰው ከፊት ያለው ነው። እናታችሁ ሽንኩርት የምትሸጥ ብትሆንም እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። «በሕግ አምላክ» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካልመጣ የጠየቃችሁበትን ሰዓትና ቦታ ጻፉ። ወደ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን፣ ወደ እምባ ጠባቂ፣ ወደ ጣቢያው ኃላፊ፣ ወደ ፍርድ ቤት ይዛችሁ ሂዱ። ይዘገያል፣ አውቃለሁ። የሚያስተይበኝ ሰው ሁሉ የሚያለቅስብኝ መዘግየቱን ነው። ግን በወረቀት የሄደ ነገር የሚመለስበት ቀን አለው።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 በግማሽ ገጽ፣ ጎላ ባለ ፊደል ተይቤ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጫለሁ። የሚፈልግ ሰው ይምጣ። ፖሊስ ይምጣ፣ ደንብ አስከባሪ ይምጣ፣ ባጃጅ ነጂ ይምጣ። ጎረቤቴ እስካሁን አምስት ወስዷል፤ ለባልደረቦቹ ነው አለኝ። ማተሚያው በነጻ ነው። ወረቀት ግን ይዛችሁ ኑ፤ የወረቀት ዋጋ የማይቻል ሆኗል።

አክባሪያችሁ፣
የፒያሳዋ ታይፒስት፣ ጎንደር